ነገ የሚባለው ዛፍ

እኛ ሰፈር ቤቱን በቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም። ቁጥር አለን፤ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በየበሩ ተመትቷል፤ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። መንገድ የምናመለክተው በዛፍ ነው። «ከሁለቱ ጽዶች መሃል ግባ፣ ኮሶዋን ስታገኝ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ዝግባው ካለበት ግቢ ቀጥሎ ያለው ነው» እንላለን። ዕቃ የሚያደርሱት ባለሞተሮች በዚህ ይማረራሉ። አንዱ «ማዘር፣ በናትሽ ሎኬሽን ላኪልኝ፤ እኔ ኮሶ ከዝግባ አልለይም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲግናል ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ኮሶን የት ያውቀዋል? እኔ ግን ተናደድኩና የኮሶ ቅጠል ምን እንደሚመስል በስልክ አስረዳሁት። እስክጨርስ ያዘዝኩት ምግብ ቀዘቀዘ።

የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወንዙ ከተራራው ወርዶ ከተማው ሳይውጠው አንዴ ጠመም በሚልበት ቦታ ነው። ሰፈሩ ድሮ የመኳንንትና የፈረንጅ ነበር። ሰፋፊ ግቢ፣ የድንጋይ መሠረት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ በረንዳ። ዘመን ሲለወጥ ቤቶቹ የመንግሥት ሆኑና አንዱ ቤት ለአራት ለአምስት ቤተሰብ ተከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን የትልቁ ቤት ሳሎንና በረንዳው ነው። አባቴ ሳሎኑን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፈለውና መኝታ ቤት አወጣለት። እስከ ዛሬ ኮርኒሱ መሃል ያለው የጂፕሰም አበባ ግማሹ ከእኔ አልጋ በላይ ነው፣ ግማሹ ከሶፋው በላይ።

ምቾት አለው ብዬ አልዋሽም። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። ቧንቧው ለአራት ቤተሰብ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። ግን የማስተምረው ኮተቤ ነው፤ ማታ በታክሲ ተጣብቄ መገናኛ ደርሼ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ፣ የመጨረሻዋን ዳገት በእግሬ ስወጣ አየሩ ድንገት ይለወጣል። ጭሱና ጥሩምባው ከኋላ ይቀራል። የግቢውን በር ስከፍት እርጥብ አፈር ይሸተኛል። ልጆቼ ኮንዶሚኒየም እንድገባ ስንት ዓመት ለመኑኝ። «አምስተኛ ፎቅ ላይ ምን ልተክል ነው?» እላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን ምንም ተክዬ አላውቅም። የሚተክሉት አባባ ናቸው።

አባባ የግቢያችን አትክልተኛ ናቸው። ከእንጦጦ ጀርባ ገና ጎረምሳ ሳሉ መጥተው ቤቱ ውስጥ ትኖር በነበረች ፈረንጅ ሴትዮ ዘንድ ተቀጠሩ። ሴትዮዋ በለውጡ ጊዜ አገር ለቃ ስትሄድ እሳቸው ግቢው ግርጌ ባለችው ሰርቪስ ቤት ቀሩ። ቀጣሪ የለ፣ አለቃ የለ፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ጠዋት ጎማቸውን ዘርግተው ውሃ ማጠጣት ጀመሩ፤ እስካሁንም አላቆሙም። ልጅ ሳለሁ ጋሼ ነበር የምላቸው፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል። የታመመ ቅጠል በላስቲክ ቋጥሮ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። አባባ ቅጠሉን ገልብጠው ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ «ውሃ አብዝተሽበታል» ወይም «ግድግዳው አፍኖታል» ይላሉ። እንደ ሐኪም ነው የሚፈሩት።

ከግቢው ታችኛው ጫፍ፣ ከወንዙ ከሚለየን የኮሽም አጥር አጠገብ፣ ነገ አለ። ነገ ዛፍ ነው። ሴትዮዋ በጣሳ አምጥታው አባባ የተከሉት ነው ይባላል። ቅጠሉ ወፍራም ሆኖ ላዩ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ ጀርባው ቡናማ ነው። ሰሃን የሚያህል ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሲያብብ ሽታው በረንዳችን ድረስ ይመጣል። ቁመቱ ከትልቁ ቤት ጣሪያ አልፏል። የግቢው ሠርግም ለቅሶም ድንኳኑ የሚተከለው ከሥሩ ነው። እኔም የተዳርኩት እዚያው ነው፤ ባሌንም የሸኘሁት ከዚያው ነው።

በእኛ ግቢ እንግዲህ «ነገ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ነበረው። እናቴ «ልብሱን ነገ ላይ አስጪው» ስትል እንግዳ የሆነ ሰው ልብሱ እርጥብ ሆኖ ሊያድር ነው ብሎ ያስባል። ጎረቤት ከጎረቤት «ነገ ዛሬ አበበ» እየተባባለ ሲጠራራ መንገደኛ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዛፉ ላይ ስንጠለጠል «ከነገ አሁኑኑ ውረዱ» እንባላለን። ለእኛ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ወይራ ወይራ ነው፣ ነገ ነገ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የአምስት ዛፎች ስም እንድንጽፍ አዘዙን። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ባሕር ዛፍ፣ ነገ ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ አምስተኛው ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አደረጉና ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። «ነገ ቀን ነው እንጂ ዛፍ አይደለም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ «ትናንት» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁና በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ። ጽጌረዳ እያጠጡ ነበር። «ጋሼ፣ የዚያ ዛፍ ስም ማነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው ዛፉን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ነገ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጅ ነኝና ተናደድኩ፤ እኚህ ሰውዬ ምንም አያውቁም ብዬ ደመደምኩ።

የቋንቋ መምህር ያደረገኝ የዚያን ቀን ቂም ይመስለኛል። ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር፤ ስንት ሺህ ቀይ ኤክስ እንዳደረግኩ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የታክሲ ጥቅስ አርማለሁ፣ የምግብ ቤት ሜኑ አርማለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ስህተት የምቆጥር ሰው ነኝ። ባሌ «አንቺ እኮ ሰው ሲሞትም ታርሚያለሽ» ይለኝ ነበር። የእሱ የሕይወት ታሪክ ሲነበብም ሦስት ስህተት ነበረው። ቆጠርኩት፤ ምን ላድርግ።

ባለፈው ዓመት ወንዙን ተከትሎ የእግረኛ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ወንዙ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ነበርና ደስ ያለን ብዙ ነን። መንገዱ ግን ከየግቢያችን ግርጌ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። እዚያ ላይ ሀገር በቀል ዛፍ ካለ መንገዱ ዞሮት ያልፋል፤ መጤ ዛፍ ከሆነ ይቆረጣል። ይህን ሊመዘግቡ የመጡት ወጣት ሴት ባለሙያ ናቸው፤ ወጣት ናቸው ስል የእኔን ተማሪዎች ያህላሉ፤ እና አንቺ ልበላት። ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ፎርም ይዛ፣ የሚረጭ ቀይ ቀለም በቦርሳዋ ከታ መጣች። ሥራዋን የምታከብር፣ ትሑት ልጅ ናት።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። አጥሩን ይዘው እየመሯት አንድ በአንድ አስተዋወቋት። «ይሄ ኮሽም ነው። ይሄ ወይራ ነው፣ የተከልኩት እኔ ነኝ። ይቺ ኮሶ ሴቷ ናት፣ ወንዱ ከላይ በኩል ነው ያለው። ይሄ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱን ውሰዱት፣ ውሃዬን ጠጥቶ ጨርሶታል።» ልጅቷ እየሳቀች ትጽፋለች። የግቢው ሰው ሁሉ ከኋላ ተከትሏል። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ይሄስ አባባ?»

«ነገ» አሉ።

«ዛሬ ብጨርሰው ይሻለኛል፤ ነገ ሌላ ሳይት አለኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ድሮ ጋራዥ በነበረችው ክፍል የምትኖረውና በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ «ስሙ ነው የኔ እህት፣ ነገ ነው የሚባለው» አለቻት። አባባ ብቻ አልሳቁም። ልጅቷ ስሙን ደገመችው፤ ደስ አላት። «አማርኛ ነዋ። በቃ ሀገር በቀል ነው» ብላ ምልክት ልታደርግ እስክሪብቶዋን አወረደች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሀገር በቀል የሆነው እንደሚተርፍ ሰምቼ ነበር። ግን ስህተት ሳይ ጆሮዬ ይዘጋል። «ይቅርታ» አልኩ፣ «ነገ የሚባል ዛፍ የለም።» ስልኬን አውጥቼ ቅጠሉን ፎቶ አነሳሁት። ቅጠል የሚለይ አፕ ተማሪዎቼ ጭነውልኝ ነበር። ስሙን ከነትውልድ አገሩ አመጣው። ከባሕር ማዶ ነው። ስሙን ጮክ ብዬ፣ ቃሉን እየቆራረጥኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። እዚህ ግን አልጽፈውም።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?» አለችኝ። አሁን ሳስበው መውጫ እየሰጠችኝ ነበር። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። የጻፈችውን ሰረዘችና «መጤ» የሚለው ኮለም ውስጥ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቀለሙን አውጥታ ግንዱ ላይ ቀይ ኤክስ ረጨችበት።

አባባ ኤክሱን አዩት። እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተቱና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የጎማው ድምፅ አልተሰማም። በሦስተኛውም ቀን አልተሰማም። ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሰው ቅጠል ይዞ በራቸውን ሲያንኳኳ «ቲቸርን ጠይቋት፤ ስልኳ ያውቃል» እያሉ መለሱት። ይህን የነገረችኝ ባለሱቋ ጎረቤቴ ናት። ከደቡብ ከነባሏ መጥታ ጋራዧን ከተረከበች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የእናቴን ለቅሶ ከእኔ በላይ ያስተናገደችው እሷ ናት። ስኳር እየመዘነችልኝ «ቲቸር፣ ያ ዛፍ እዚህ ከእኔ በፊት ነው የመጣው። እሱ መጤ ከተባለ እኔ የትኛው ኮለም ውስጥ ነው የምገባው?» አለችኝ። በቀልድ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልቀለደም። ቤቴ ገብቼ ጎማውን ዘርግቼ ራሴ ላጠጣ ሞከርኩ፤ ግማሹን ራሴን አጠጣሁ። አፈርኩ። በአራተኛ ክፍል የተደረገብኝን ነገር በሰማንያ ዓመቱ ደጃፍ ላይ ባለ ሰው ላይ፣ ያውም በጎረቤት ፊት፣ እኔው ደገምኩት።

ወደ ልጅቷ ቢሮ ሄድኩ። አላጣደፈችኝም። ወንበር ሰጠችኝና «ፎርሙ ገና አልተላለፈም» አለች። «ስሙ የሚያጨቃጭቅ ከሆነ እስኪጣራ ይቆያል የሚል መመሪያ አለን። የነዋሪ ፊርማ ያምጡልኝ። የተከሉት አባት ደግሞ ከላይ ይፈርሙ፤ ዋናው የእሳቸው ቃል ነው።»

የዚያኑ ቀን ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ከጥንት ጀምሮ ነገ በመባል የሚታወቅ ሀገር በቀል ዛፍ» ይላል። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ በጽሑፍ ያሰፈርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፊደሉ ግን አንድም ግድፈት የለውም። ሰፈሩ ተረባርቦ ፈረመ። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ፈረሙ፣ ባለሱቋና ባሏ ፈረሙ፣ ከእንጦጦ ድንች የሚያወርዱት ገበሬም ፈረሙ። ቦታ ጠብቦ ወደ ጀርባው ዞርን። ከላይ ያለችው መስመር ብቻ ባዶ ቀረች።

አባባ በሩን ከፈቱልኝ። ክፍላቸው ውስጥ የዘር ጣሳዎች በመደርደሪያ ተሰልፈዋል፤ የአጥር መቀሱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተይው ልጄ» አሉ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልፈርምም።»

«አባባ፣ ካልፈረሙ እኮ ይቆረጣል።»

«ስሙ ነገ አይደለማ።»

አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሴትዮዋ በጣሳ ይዛው መጣች» አሉ። «ትከለው አለችኝ፣ ተከልኩት። ስሙ ማነው አልኳት። መኪናው እየጠበቃት ነበር፤ አማርኛዋም ትንሽ ነው። ነገ፣ ነገ አለችኝ። ነገ እነግርሃለሁ ማለቷ ነው፤ ይሄ መቼ ጠፋኝ። በነጋታው ጠበቅኳት። መኪናው አልተመለሰም። ከዚያ ሰው ሁሉ እየመጣ ይሄ ምን ዛፍ ነው ይለኛል። አትክልተኛ ነኝ፤ አላውቅም ማለት ከበደኝ። ነገ እላለሁ። ነገ እነግራችኋለሁ ማለቴ ነበር። እነሱ ስሙ መሰላቸው፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብያለሁ እንጂ ስለ ተክል ዋሽቼ አላውቅም። ወረቀት ላይ ግን ልዋሽ?»

«ለእኔስ?» አልኳቸው። «ያኔ ከትምህርት ቤት እያለቀስኩ ስመጣ?»

«አንቺንም ነገ አልኩሽ። አስለቅሰውሽ ነበር። ማታ ሳስበው አደርኩ፤ ለዚች ልጅስ እውነቱን ልንገራት፣ አላውቀውም ልበላት አልኩ። በነጋታው ጽጌረዳው ጋ ቆሜ ጠበቅኩሽ።» እጃቸውን ተመለከቱ። «ተመልሰሽ አልጠየቅሽኝም።»

የአርባ ዓመት ንቀቴ እዚያው ፊታቸው ፈረሰ። አለቀስኩ። ቆይቼ፣ ስልኩ የሚለውን ስም ልድገምልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያን ቀን ሰምቼዋለሁ» አሉ፤ «አልያዘልኝም።» እሳቸው ያልፈረሙባትን ወረቀት አጥፌ ወጣሁ።

በሳምንቱ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ቀይ ቀለሙን አልያዘችም፤ ፎርሙን ግን ይዛለች። የግቢው ሰው ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። አባባም ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አየችው።

«የእርስዎ ፊርማ የለም አባባ።»

«የለም።»

«ቲቸር ያሉኝን ጽፌዋለሁ። ሰፈሩ ያለውንም አንብቤያለሁ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «የተከሉት እርስዎ ነዎትና እርስዎው ይንገሩኝ። የዚህ ዛፍ ስም ማነው?»

አባባ ቀና ብለው ዛፉን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጽጌረዳው ጋ ቆመው ያዩኝ አስተያየት ነበር፤ ያኔ ያልገባኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁላቸው፤ አይዞዎት እንደማለት።

«ነገ» አሉ።

ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች፣ የሚጨምሩት ካለ ብላ። አልጨመሩም። ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ስም የሚለው መስመር ላይ ሁለት ፊደል ጻፈች፤ ከጎኑ «እስኪጣራ ይቆይ» ብላ ፈረመች። ሰዉ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አባባ ምን እንዳሉ የገባን እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

አላረምኳትም።